ረጅሙን ልጅ አጣና አታድርጉት

ከአጣና ተራ እስከ አየር ጤና ባሉት የኮልፌ ሜዳዎች የቅርጫት ኳስ ሲጫወቱ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ቡድን ሲመረጥ ቁመቱ ከሁሉ የበለጠው ልጅ አስቀድሞ ሴንተር ተብሎ ይሰየማል፤ ወዲያው ከቀለበቱ ሥር ሂድና ቁም ይባላል። የቀሩት አራቱ ኳሱን ወደ ሰማይ ይልኩለታል፤ እርሱም ከአጣና ተራ ተገዝቶ እንደ መጣ ባሕር ዛፍ ተተክሎ ይጠብቃል። ይህ አሰላለፍ ቡድኑንም ልጁንም ይጎዳል እንላለን።

ተከላካዮች ሞኞች አይደሉም። ኳሱ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድመው ካወቁ አንዱ ከፊቱ፣ አንዱ ከኋላው ሆነው ያስሩታል። ሕጉም ቢሆን በተቃራኒው ቀለበት ሥር ባለው ክልል ውስጥ ከ3 ሰኮንድ በላይ መቆምን ይከለክላል። እንዲያውም ጆርጅ ማይከን የሚባለው 2 ሜትር ከ8 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም አሜሪካዊ ሴንተር ከቀለበቱ ሥር አልነቀል ስላለ፣ የአሜሪካ ባለሙያዎች ሊግ በ1951 (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) የክልሉን ስፋት ከ6 ጫማ ወደ 12 ጫማ ከፍ አድርጎታል። ከዚያ ወዲህ ከቀለበት ሥር ቤት ሠርቶ መኖር ቀርቷል፤ በኛ ሠፈር ግን ወሬው ገና የደረሰ አይመስልም።

እኛ የምንለው ሴንተሩ ወደ ቅጣት መወርወሪያው መስመር ይውጣ ነው። በዚያ ጀርባውን ለቀለበቱ ሰጥቶ ኳሱን ይቀበል። ጠባቂው ተከትሎት ስለሚወጣ ከቀለበቱ ሥር ያለው ቦታ ባዶ ይቀራል። ኳሱን ያቀበለው ጓደኛው ቆሞ አይመለከትም፤ የሴንተሩን ትከሻ ታክኮ ወደ ቀለበቱ ይሮጣል፤ የእርሱም ጠባቂ በሴንተሩ ገላ ይጋረዳል። በማዶ ጥግ ያለው ደግሞ ጠባቂው ኳሱን ለማየት አንገቱን ባዞረባት ቅጽበት በጀርባው በኩል ሾልኮ ይገባል። ሴንተሩ ከሁለቱ ለተመቸው ያቀብላል፤ ሁለቱም ከተያዙ ዞሮ ራሱ ይወረውራል። እንግዲህ ለዚህ ሥራ ከቁመት ይልቅ ዓይንና እጅ ያስፈልጋሉ።

ሜዳችንም ይህንኑ ይመክረናል። ሲሚንቶው የተሰነጠቀ፣ ጠጠር የበዛበት ነው፤ ኳስ የሚያነጥር ሰው ኳሱ ወዴት እንደሚዘልበት አያውቅም። (ክረምቱንማ ባናነሣው ይሻላል።) በአየር ላይ የሚቀባበሉት ኳስ ግን ስንጥቅ አያገኘውም።

ሴንተር ማቀበል አይችልም የሚል ካለ፣ የሶምቦሩን ሰርባዊ ኒኮላ ዮኪችን ይመልከት። በ2014 የአሜሪካ ክለቦች ወጣቶችን ሲመርጡ 41ኛ ነበር የተጠራው። በ2023 ዴንቨርን ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን አደረገ፤ በ2024–25 ውድድር ደግሞ በአማካይ በየጨዋታው ከ10 በላይ ለግብ የሚሆኑ ኳሶችን አቀበለ። ዝላዩን ያየ አይቀናበትም፤ የሚያስቀናው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ከኋላው የሚሮጠውን ማወቁ ነው።

ረጅሙ ከወጣ ከሰሌዳው የሚመለሰውን ኳስ ማን ይይዘዋል? የሚሉ ወንድሞች አሉን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ረጅሙ የተቃራኒ ጠባቂም አብሮ ወጥቷልና ትግሉ እኩል ነው፤ ሴንተራችንም ኳሱ ሲወረወር ፊት ለፊት እያየ ይገባል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ኳስ እንደሚባክን ግን አንክድም።

የሚያሳስበን ዋናው ነገር የልጁ ዕድል ነው። በ15 ዓመቱ ከሠፈሩ ሁሉ የረዘመ ልጅ በ18 ዓመቱ ሌሎቹ ሊደርሱበት ይችላሉ። ያን ጊዜ ማንጠር አልተማረም፤ ማቀበል አልተማረም፤ ከሩቅ መወርወርም አልሞከረም። ቦታው ለሌላ ረጅም ይሰጥና እርሱ ከመስመር ውጭ ጃኬት ጠባቂ ሆኖ ይቀራል። በእኅቶቻችንም ቡድን ይኸው ይደረጋል።

ስለዚህ የሠፈር ቡድን የምታሠለጥኑ ወንድሞችና እኅቶች፣ በልምምድ ጊዜ ረጅሙን ልጅ ከአጫጭሮቹ ጋር አሰልፋችሁ ኳስ እንዲያነጥርና እንዲያቀብል አድርጉ። ግጥሚያ ሲመጣም ከአራቱ የ10 ደቂቃ ክፍሎች አንዱን ብቻ በዚህ አሰላለፍ ሞክሩት። እኛም በዩኒቨርሲቲው የምንማር የኮልፌ ልጆች ቅዳሜ ጧት መጥተን ለማገዝ ፈቃደኞች ነን፤ ኳስ ግን ከናንተ ነው።