የላኑቪየም እድር

«እነዚህን የምታወድሳቸውን ሰዎች እግዜር ጎረቤት አድርጎ ቢሰጥህ ወር ሳይሞላህ ቤት ትቀይራለህ» አለኝ ወዳጄ። የሚያወራው ስለ ጥንቶቹ ክርስቲያኖች ነው፤ ሃይማኖታቸው ገና ሳይፈቀድ በሮም ግዛት በየከተማው ከአሕዛብ ጋር ግድግዳ ተጋርተው ይኖሩ ስለነበሩት። «በሰፈሩ በዓል አይገኙም፤ ከመሥዋዕቱ አይቀምሱም፤ ለንጉሡ ምስል አያጥኑም። ሰው ከሰው ጋር የሚኖረው አብሮ በመብላትና አብሮ በመቅበር ነው። ከሁለቱም የቀረ ሰው ‹ተጠላሁ› ቢለኝ ምን ልበለው?» አብሮ መቅበር ያላት ነገር ያዘችኝ። መብላቱን ለጊዜው ተወውና ከመቅበሩ እንጀምር አልኩት።

እድር የእኛ ብቻ ይመስለናል። ከሮም ብዙም የማትርቅ ላኑቪየም የምትባል ትንሽ ከተማ ነበረች፤ በ136 ዓ.ም. (የሮምን ዘመን የምጠራው በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው) እዚያ በድንጋይ የተቀረጸ የአንድ የቀብር ማኅበር ደንብ እስከ ዛሬ ይነበባል። አባላቱ ድሆች ናቸው፤ ባሪያዎችም አሉባቸው። መግቢያው 100 ሴስተርስ የሮም ገንዘብና አንድ እንስራ ጥሩ ወይን ነው። የወር መዋጮው አስ በምትባል ሳንቲም 5 ነው፤ አራቱ አስ አንድ ሴስተርስ ስለሚሆን በዓመት 15 ሴስተርስ ይሆናል ማለት ነው። አባል ሲሞት 300 ሴስተርስ ይወጣለታል፤ ከዚያ ላይ 50ው ለቀብር ለወጡት ይታደላል። ባሪያ ሞቶ ጌታው አስከሬኑን አልሰጥም ቢል፣ ሥርዓቱ በምስሉ ይፈጸምለታል እንጂ ሳይለቀስለት አይቀርም። በግብዣ ላይ ሰው የሰደበ 12 ሴስተርስ ይቀጣል፤ ዳኛውን የሰደበ 20። ማዕዱም የድሃ ማዕድ ነው፦ የ2 አስ ዳቦ፣ አራት ሰርዲን፣ ወይን። ወዳጄ እዚህ ላይ ሳቀ። «ይሄማ የእኛ ሰፈር ነው፤ ዳኛው ሳይቀር!»

ነው፤ አንድ ነገር ሲቀር። ማኅበሩ የአማልክቱ የዲያናና የአንቲኖስ ነው። አንቲኖስ የንጉሠ ነገሥቱ የሐድርያን ወዳጅ የነበረ ወጣት ነው፤ በ130 ዓ.ም. ዓባይ ውስጥ ሰምጦ ሲሞት ንጉሡ አምላክ አሰኘው። ዳኛው በበዓሉ ቀን ነጭ ለብሶ ዕጣን ያጥናል፣ ወይን ያፈስሳል። እንግዲህ ክርስቲያን የሆነውን ባሪያ አስበው። ልብሱ እንደ ጓደኞቹ ነው፤ ቋንቋው፣ ሥራው፣ ሰርዲኑም ያው ነው። መዋጮውን ለመክፈል አይቸገርም። የሚለየው ቁንጥር በማትሞላ ዕጣን ነው፤ በዚያች ዕጣን ምክንያት ግን ቀባሪ አልባ ይሆናል። ይህን ያህል ከባድ መሆኑን የምናውቀው ያልቻሉም ስለነበሩ ነው። በ254 ዓ.ም. ገደማ የካርቴጁ ጳጳስ ቆጵርያኖስ ስለ አንድ የስፔን ጳጳስ፣ ስለ ማርቲያሊስ፣ የጻፈው ደብዳቤ አለ፤ ከክሶቹ አንዱ በአሕዛብ ማኅበር ድግስ ሲመላለስ ኖሮ ልጆቹን በዚያው ማኅበር ሥርዓት፣ በአሕዛብ መቃብር መሃል ቀበረ የሚል ነው።

«ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ የገባኝ ሰው እሱ ነው» አለ ወዳጄ፣ ሳቁን ትቶ። «ልጆቹ የሞቱበት አባት ነው። ማን ይቅበርለት?» እኔም በማርቲያሊስ ላይ ድንጋይ አላነሳም። ግን «ማን ይቅበርለት» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነበረው። ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቀድሞ፣ በ197 ዓ.ም. ገደማ፣ ክርስቲያኑ ጸሐፊ ጠርጡሊያኖስ ስለ ክርስቲያኖቹ የጋራ ሣጥን ጽፏል። በወር አንድ ቀን ሰው የፈቀደውንና የቻለውን ያህል ይሰጣል፤ ማስገደድ የለም። ገንዘቡ ለድግስ አይውልም፤ ድሆችን ለማብላትና ለመቅበር፣ ወላጅ ለሌላቸው ልጆች፣ ላረጁ አገልጋዮች፣ መርከብ ለተሰበረባቸው፣ ስለ እምነታቸው ወደ ማዕድን ጉድጓድና ወደ እስር ለተላኩ ነው። ከእድር የወጡ ሰዎች እድር ሠሩ፤ መግቢያ ክፍያ የሌለው እድር።

የእኔ መለኪያ አንድ ነው አልኩት። ክርስቲያን ከአካባቢው ተለይቶ ሲኖር፣ የልዩነቱን ሒሳብ የሚከፍለው ማን ነው? ራሱ ከከፈለ ነገሩን አምነዋለሁ። ጎረቤቱን ካስከፈለ፣ የፈለገውን ጥቅስ ቢጠቅስ እጠረጥረዋለሁ። ለዚህ ምስክር የምቆጥረው ደግሞ ፈራጃቸውን ነው። በ112 ዓ.ም. ገደማ የቢታንያና የጳንጦስ ገዥ የነበረው ፕሊኒ ለንጉሠ ነገሥት ትራጃን ጻፈ። ክስ በዝቶበታል፤ ስሙን የደበቀ ሰው ያዘጋጀው የስም ዝርዝር ሳይቀር ቀርቦለታል። ክርስቲያን ነህ ወይ ብሎ እስከ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል፤ ጸንቶ አዎ ያለ ይገደላል፣ የሮም ዜጋ ከሆነ ወደ ሮም ይላካል። ትተነዋል ያሉት ሰዎች ምን ይሠሩ እንደነበር ነገሩት፤ ለማረጋገጥ ሲል በጉባኤው አገልጋይ የነበሩ ሁለት ባሪያ ሴቶችን አሰቃይቶ መረመረ። ያገኘው ይህ ነው፦ በተወሰነ ቀን ጎህ ሳይቀድ ይሰበሰባሉ፤ ለክርስቶስ እንደ አምላክ ይዘምራሉ፤ እንዳይሰርቁ፣ እንዳይዘርፉ፣ እንዳያመነዝሩ፣ ቃላቸውን እንዳያጥፉ፣ አደራ የተቀበሉትን ሲጠየቁ እንዳይክዱ በመሐላ ይተሳሰራሉ።

አደራውን ልብ በልልኝ አልኩት። መንገደኛ ገንዘቡን ጎረቤቱ ዘንድ ትቶ በሚሄድበት ዘመን አደራ መብላት ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜ ምስክር እንኳ የለበትም። በእኛም ቋንቋ «አደራ በላ» ከተባለ ሰው ጋር ማንም ሊዛመድ አይፈልግም። እነዚያ አምስት መሐላዎች ሁሉም ሌላውን ሰው የሚጠብቁ ናቸው፤ ያ ሌላው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የማያምነው ጎረቤት ነው። በቢታንያ ክርስቲያኖቹን ለገዥው የሚከሰው ሰው ራሱ፣ ሩቅ አገር ሲሄድ ገንዘቡን ማን ዘንድ ቢያስቀምጥ ይሻለው ነበር? ጥላቻውም ከየት እንደመጣ ደብዳቤው ይጠቁማል። ቤተ ጣዖቶቹ ባዶ ቀርተው፣ የመሥዋዕት ሥጋ ገዢ አጥቶ ነበር፤ ሰው መቀጣት ሲጀምር ገበያው ተመለሰ። የኤፌሶን ብር ሠሪዎችም በጳውሎስ ላይ ከተማውን ያስነሱት እንጀራቸው ሲነካ ነው።

«ያዝኩህ!» አለ ወዳጄ። «ሒሳቡን የከፈለው ባለ ሥጋው ነዋ። ልጆቹ ጦማቸውን አደሩ። መለኪያህ ፈረሰ።» ይህ ሳላስበው የመጣ ነው፤ ጥሩም ክርክር ነው። ሥጋ አለመግዛትና ሥጋ መቀማት አንድ አይደሉም አልኩት። ሰው ገንዘቡን የፈለገበት የማዋል መብት አለው፤ ነጋዴውን ማንም ሱቁን አልሰበረበትም፣ ማንም ለገዥ አልከሰሰውም። «ለልጆቹ ያው ነው» አለኝ። ለልጆቹ ያው ነው፤ እዚህ ላይ ግማሹን ለቅቄለታለሁ።

ያን ድል ይዞ ወደ ዋናው ተቃውሞው ገባ። «መጠላትን ሜዳልያ አታድርገው። ፕሊኒም እኮ እንደ እኔ ነው ያሰበው፤ ሌላው ቢቀር ግትርነታቸው ያስቀጣቸዋል ብሏል። እኔ የማውቀው አማኝ ግማሹ የሚጠላው በአፉ ነው። ሰው ቤት ገብቶ በግድግዳው ሥዕል፣ በሬዲዮው ዘፈን፣ በልጅቷ ቀሚስ ላይ ይፈርዳል፤ ሁለተኛ እንዳትመጣ ሲባል ስለ ክርስቶስ ተሰደድኩ ይላል።» በዚህ ላይ ከእሱ ጋር አልከራከርም፤ እንዲያውም እኔ እብሳለሁ። ለዚያው ለጳንጦስና ለቢታንያ ምእመናን የተላከው የጴጥሮስ የመጀመሪያው መልእክት፣ ክርስቲያን መከራ ሊቀበልበት የማይገባውን ምክንያት ሲዘረዝር ነፍሰ ገዳይን፣ ሌባን፣ ክፉ አድራጊን ይጠራና በሰው ጉዳይ የሚገባውንም እዚያው ሰልፍ ውስጥ ያቆመዋል። ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፣ የማያምን ሰው ቢጠራህና መሄድ ብትወድ ሂድ፣ ከየት እንደመጣ ሳትጠይቅ ያቀረበልህን ብላ ነው የሚለው። ይህ የመሥዋዕት ሥጋ ነው ያለህ እንደሆነ ግን አትብላ፤ እሱም ስለ ነገረህ ሰው ኅሊና ስትል። ስለዚህ እምቢታው በአንድ ነጥብ ላይ ነው። ከዚያ ነጥብ ወዲህ ያለው ሁሉ፣ ቡናው፣ ለቅሶው፣ ሰርጉ፣ ክርስቲያኑ ከማንም ቀድሞ ሊገኝበት የሚገባው ቦታ ነው። ይህን ሁሉ ዘግቶ ልዩ ነኝ የሚል ሰው የራሱን ድካም ነው የቆጠበው።

«እሺ፤ አንተ የምትለው ግን የአሕዛብ አገር ነው» አለ። «እኛ ዘንድ ከኢዛና ጀምሮ መስቀል በሳንቲም ላይ ተቀርጿል። አካባቢው ራሱ ክርስቲያን ነው። ‹ጴንጤ› ብሎ የሰደበው፣ ከእድር የሰረዘው፣ ሬሳ ተሸክመው የመጡትን ከመቃብር በር የመለሰው የሮም ገዥ ነው እንዴ?» አይደለም። ስም አውጥቶ መስደብም አዲስ ነገር አይደለም፤ በአንጾኪያ «ክርስቲያን» የሚለውን ስም መጀመሪያ ያወጡት ሌሎች ናቸው። ሬሳ የመለሰ ሰው ሒሳቡን ለሐዘንተኛ ነው ያስተላለፈው፤ መለኪያዬ እሱን አይምረውም። የጎረቤቱን ድንኳን «የዓለማውያን ነው» ብሎ የሚሸሸውንም አይምረውም። (በእኛው አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. ደርግ የኦርቶዶክሱን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስንም የመካነ ኢየሱሱን ቄስ ጉዲና ቱምሳንም ገደለ። ገዳዩ በሁለቱ መካከል አልለየም፤ ይህን ያህል ጎረቤታሞች ሆነው ሳለ እኛ እስከ ዛሬ በመቃብር ቦታ መጣላታችን ያመኛል።) አካባቢው በስም ክርስቲያን ሲሆን ዕጣኑም መልኩን ይቀይራል። ንብረት ክፍል የሚሠራ ሰው ያልገባ ዕቃ እንደ ገባ አድርጎ ሞዴል 19 እንዲቆርጥ ይታዘዛል። አለቃው ጾመኛ ነው፣ ያዘዘውም ከቅዳሴ መልስ ነው። «ፈርም፣ ሁላችንም ፈርመናል» ይለዋል። የዛሬዋ ቁንጥር ዕጣን ያቺ ፊርማ ናት።

ተለይተው ሲያበቁ ለሌላው መትረፍ እንደሚቻል ግን ታሪኩ ያሳያል። በ250 ዓ.ም. ንጉሡ ዳኬዎስ ሁሉም ለአማልክት እንዲሠዋና የምስክር ወረቀት እንዲይዝ አዘዘ፤ እምቢ ያሉት ታሰሩ፣ ተገደሉ። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ካርቴጅን ወረርሽኝ መታት፤ ሰው ቤተሰቡን እየጣለ ሲሸሽ ቆጵርያኖስ ምእመናኑን ሰብስቦ የራሳችሁን ብቻ ብትረዱ ምን አደረጋችሁ አላቸው። ትናንት ሲታሰሩ ቆሞ ያየውን ጎረቤት ነው አስታምሙት ያላቸው። በ362 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ክርስትናን ትቶ ወደ ጣዖት የተመለሰው ንጉሥ ዩልያኖስ ለገላትያ ሊቀ ካህናት ሲጽፍ፣ ገሊላውያን (ክርስቲያኖቹን ማለቱ ነው) የራሳቸውን ድሆች አልፈው የእኛንም ይመግባሉ፣ እኛ ግን የራሳችንን ጥለናል ብሎ ተቆጨ። ጠላት እንዲህ ከመሰከረ፣ ሒሳቡን ማን ይከፍል እንደነበር ግልጽ ነው።

ወዳጄ ዝም ብሎ ሰማኝና «የፔርፔቱዋ አባትስ?» አለ። ይህን ስም ከእሱ አልጠበቅኩም። ፔርፔቱዋ በ203 ዓ.ም. ካርቴጅ ላይ ለአውሬ የተሰጠች የሃያ ሁለት ዓመት ገደማ እናት ናት፤ ጡት የሚጠባ ልጅ ነበራት። እስር ቤት ሆና በጻፈችው ማስታወሻ ሽበታሙ አባቷ እጇን እየሳመ፣ እግሯ ላይ እየወደቀ ልጅሽን እዪ እያለ ሲለምናት እናየዋለን። ገዥው ሒላርያኖስ ሽማግሌውን ጥለው በበትር እንዲመቱት አዘዘ። «እምቢ ባዩ ራሱ ይከፍላል አልክ። ሽማግሌው ክርስቲያን አልነበረም፤ የተመታው ግን እሱ ነው። ሕፃኑን ማን አማከረው? የንብረት ክፍሉ ሰውዬም አልፈርምም ብሎ ሲባረር የሚራበው ልጁ ነው።»

ሙሉ መልስ የለኝም። ያለኝ አንድ ነገር ነው፤ በዚያው ታሪክ ውስጥ ባሪያይቱ ፌሊሲታስ እስር ቤት ወለደች፣ ሴት ልጇንም ከምእመናኑ አንዲት እኅት እንደ ልጇ አሳደገቻት። የአንድ ሰው እምቢታ ሌላውን ማስከፈሉ ካልቀረ፣ ሒሳቡን መከፋፈል ያለበት ያ እምቢታ ልክ ነው ብሎ የሚሰብከው ጉባኤ ነው። አትፈርም ብሎ አስተምሮ የቤት ኪራዩን የማይከፍልለት ጉባኤ፣ ፔርፔቱዋን በበዓሏ የማወደስ መብት ያለው አይመስለኝም። ፔርፔቱዋ ግን ብታጥን ኖሮ አባቷ የሚያተርፈው ምን ዓይነት ልጅ ነበር?

«በሕይወት ያለች ልጅ» አለ ወዳጄ።

ትንሽ ዝም አልን። ከዚያ «የቤተ ክርስቲያናችሁ እድር ሰው ሲሞት ስንት ይከፍላል?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። «አልፈርምም ብሎ ለተባረረስ?»

በደንቡ ላይ እንዲህ ያለ አንቀጽ የለም።