ለልጅ ድምፅ ስለ መምረጥ



በጅቡቲ ከተማ ከሚኖሩ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት የተላከ ደብዳቤ ደርሶናል። ሦስተኛ ልጃቸው አራት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውታል፤ እስከ ዛሬ ድረስ ግን አንድ ቃል እንኳ አጥርቶ አልተናገረም። የሚፈልገው ነገር ሲኖር የእናቱን እጅ ይዞ እየጐተተ ያሳያል፤ ያልገባቸው እንደ ሆነ ራሱን ከግድግዳ ጋራ ያጋጫል። «ውሃ ጠምቶት ይሁን ሆዱን አሞት፣ ፈርቶ ይሁን ተቈጥቶ ለይቼ አላውቅም» ይላሉ። በአውሮፓ የሚኖረው ወንድማቸው የሚናገር መሣሪያ ገዝቶ ሊልክላቸው አስቧል፤ ነገር ግን «የትኛውን ልላክልሽ?» ብሎ ቢጠይቃቸው የሚመልሱትን አጡ። አማታቸው ደግሞ «ልጁ መሣሪያ ከለመደማ ጭራሹን አፉን አይፈታም፤ ጊዜ ስጡት» ብለው ይከራከራሉ። የደብዳቤው መጨረሻ እንዲህ ይላል፤ «ልጄን ማሽን እንዲያሳድግልኝ አልፈልግም። ዳሩ ግን አንድ ቀን እንኳ ‹እማዬ› ሲለኝ ሳልሰማ መሞት አልሻም።»

ይህ ጕዳይ የአንድ ቤት ብቻ ስላልሆነ መልሱን በዚህ ገጽ ለመስጠት ወደድን። በአገራችን ዝምታ የሚመሰገን ጠባይ ነው፤ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እንላለን። ይሁን እንጂ መናገር እየቻለ ዝም የሚል ሰውና መናገር ስላልቻለ ዝም ያለ ሕፃን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ዝምታ ጨዋነት ነው፤ ሁለተኛው ግን ከውስጥ የተቈለፈ በር ነው። በሩን የምናንኳኳው እኛ ነን እንጂ ሕፃኑ አይደለም።

አስቀድመን ለአማትዎ በአክብሮት መልስ እንስጥ። መሣሪያ የልጁን አንደበት ያሰንፋል የሚለው ፍርሃት የእርሳቸው ብቻ አይደለም፤ በሠለጠኑት አገሮችም ብዙ ወላጆች ይፈሩት ነበር። ነገሩ በጥንቃቄ ሲመረመር የታየው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ አንድ የምርምር ጽሑፍ ቀድሞ ከተደረጉት ጥናቶች የተሻለ ማስረጃ ያላቸውን መርጦ 27 ሰዎችን ቢመለከት፣ በመሣሪያና በሥዕል መነጋገር በመጀመሩ ንግግሩ የቀነሰበት አንድም ሰው አልተገኘም፤ ከመቶው 89 የሚሆኑት እንዲያውም ንግግር ጨምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ5 እስከ 8 ዓመት የሆናቸውን፣ ኦቲዝም ያለባቸውንና ንግግራቸው እጅግ ጥቂት የሆነውን 61 ልጆች ተከታትሎ፣ ከሕክምናው ጋራ የሚናገር መሣሪያ የተጨመረላቸው ልጆች ራሳቸው በአፋቸው የሚናገሩት ይበልጥ እንደ ጨመረ አሳይቷል። እንግዲህ መሣሪያው የአንደበት ጠላት አይደለም። «ጊዜ ስጡት» የሚለው ምክር ከፍቅር የመጣ ቢሆንም፣ ሕፃኑ በዚያ ጊዜ ውስጥ ራሱን ከግድግዳ ጋራ እያጋጨ ነው የሚጠብቀው።

ስለ መሣሪያው ከመነጋገራችን በፊት አንድ ነገር ሳይደረግ መታለፍ የለበትም። ይኸውም የጆሮ ምርመራ ነው። የማይሰማ ልጅ አይናገርምና ሐኪም የልጁን ጆሮ፣ ዓይን፣ የእጅና የአፍ እንቅስቃሴ አይቶ የዝምታውን ምክንያት ይንገርዎት። በከተማዎ የሚመረምር ባለሙያ ቢያጡ ከናጋድ ጣቢያ ተነሥቶ ወደ አገር ቤት የሚመጣው ባቡር አለ፤ በአዲስ አበባም የጆሮና የንግግር ምርመራ ይገኛል። «ምላሱ ታስሯል» እያሉ ምላጭ ለሚያነሡት ግን ልጅዎን አይስጡ። የምርመራው ቀጠሮ እስኪደርስ ድረስ ግን መነጋገሪያውን ማቈየት አያስፈልግም፤ ለዚህ ሥራ «ገና ሕፃን ነው» ወይም «ገና አልገባውም» የሚባልበት የዕድሜና የዕውቀት ወሰን እንደሌለ ባለሙያዎቹ ይመክራሉ።

መነጋገሪያዎቹ በአራት ዓይነት ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው ባትሪም ድምፅም የሌለው የሥዕል ሰሌዳ ነው። ሕፃኑ የውሃን ሥዕል ይጠቍማል፤ እናቲቱ «ውሃ» ትላለች። በእስፓኝ አገር የአራጎን መንግሥት የሚያስተዳድረው አራሳክ የተባለው ማኅደር በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ እንዲህ ያሉ ሥዕሎችን ለንግድ እስካልዋሉ ድረስ በነጻ ይሰጣል። ሁለተኛው በሰው ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ ነው። ለምሳሌ ጎቶክ ናይን ፕላስ የተባለው ዘጠኝ መስኮት ያለው ሲሆን የሥዕሉ ወረቀት እየተለወጠ በአምስት ደረጃ 45 መልእክት ይይዛል። ሦስተኛው በታብሌት ወይም በስልክ ላይ የሚጫን ፕሮግራም ነው። አራተኛው እጃቸው ለማይታዘዝላቸው የተሠራው፣ በዓይን እይታ ብቻ የሚመራው መሣሪያ ነው፤ ይህ በብዙ ሺህ ዶላር የሚገዛ ስለ ሆነ፣ ልጅዎም እጅዎን ጐትቶ የሚወስድ፣ ጣቱን የሚያዝ ከሆነ፣ ለእርሱ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የጅቡቲ ሕፃን ውሃ ሲጠማው በየትኛው ቋንቋ ይጠማዋል? በቤቱ «ውሃ» ይባላል፤ በጐረቤቱ በሶማሊኛ «ቢዮ»፣ በዐፋርኛ «ሌ»፣ በመስጊዱ ደጅ በዐረብኛ «ማእ»፣ ነገ በሚገባበት ትምህርት ቤት ደግሞ በፈረንሳይኛ «ኦ» ይባላል። በዓለም የታወቁት ፕሮግራሞች ይህን ሁሉ አያውቁም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውና በብዙ አገር የተመሰገነው ፕሮሎኮቱጎ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በእስፓኝኛና በሆላንድኛ ተሰናድቷል፤ አማርኛና ሶማሊኛ በውስጡ የሉም። ስለዚህ ብዙ ሰው «እንግዲያስ ልጁ ፈረንሳይኛ ብቻ ይልመድ፤ ቋንቋ ማብዛት ያደናግረዋል» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። ሁለት ቋንቋ መስማት ንግግር የዘገየበትን ልጅ እንደማይጎዳው ጥናቶች አሳይተዋል። የእናቱን ቋንቋ የማይናገር መሣሪያ ግን ልጁን በገዛ ቤቱ እንግዳ ያደርገዋል። አያቱ የማይሰሙትን ቋንቋ ቢናገር፣ ማን ይመልስለታል?

ለዚህ ችግር ርካሹ መሣሪያ ከውዱ የተሻለ መፍትሔ አለው። በሰው ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ ቋንቋ አይመርጥም፤ የነገሩትን ሁሉ ይመልሳል። አንዱን ደረጃ በአማርኛ ለቤት፣ ሁለተኛውን በሶማሊኛ ለጐረቤት ልጆች፣ ሦስተኛውን በፈረንሳይኛ ለትምህርት ቤት መቅዳት ይቻላል። በዩኒሴፍ ድጋፍ የተስፋፋውና በነጻ የሚገኘው ሲቦርድ የተባለው ፕሮግራምም በራስ ድምፅ መቅዳትን ይፈቅዳል። ልጁ አድጎ ፊደል ሲለይ ግን የተቀዳ ድምፅ ይጠበዋል፤ ያልተቀዳውን አሳብ መጻፍ ይፈልጋልና። ያን ጊዜ የጻፈውን በአማርኛ የሚያነብ ድምፅ ያስፈልገዋል። ኢስፒክ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት አማርኛ ያነባል፤ ድምፁ ግን የብረት ነው። ማይክሮሶፍት መቅደስና አምሃ ብሎ የሰየማቸው ሁለቱ የአማርኛ ድምፆች ለሰው ጆሮ ይቀርባሉ፤ ዳሩ ግን የሚሠሩት ከሩቅ በኢንተርኔት ስለ ሆነ መስመሩ ሲቋረጥ ልጁም አብሮ ዝም ይላል።

የአማርኛም ጠባይ ራሱ መታሰብ ይገባዋል። እንግሊዞች «ና» የሚሉበት አንድ ቃል ለሁሉ ይበቃል። የእኛ ልጅ ግን አባቱን «ና»፣ እናቱን «ነይ»፣ አያቱን «ይምጡ» ማለት አለበት፤ ለአንድ አሳብ ሦስት መስኮት ይፈጃል። እንዲሁም «አይደለም» የሚለውን ለብቻው፣ «እፈልጋለሁ» የሚለውን ለብቻው ብናስቀምጥ ከሁለቱ «አልፈልግም» አይወጣም፤ አሉታው በግሡ ውስጥ የተሰፋ ነውና። ስለዚህ ከባዕድ ቋንቋ የተተረጐመ የቃላት ሰንጠረዥ አይቀበሉ። ለመጀመሪያው ሰሌዳ ለወንድም ለሴትም፣ ለትልቅም ለትንሽም የማይለወጡትን ይምረጡ፤ «እምቢ»፣ «በቃ»፣ «ደግሞ»፣ «እንሂድ»፣ «አመመኝ»፣ «ፈራሁ»፣ «የት?»፣ «የኔ»። እነዚህ ጥቂት ቃላት ከሃምሳ የፍራፍሬና የእንስሳት ስም የበለጠ ሥራ ይሠራሉ። ልጅ የሚኖረው ሥዕል እየጠራ አይደለም፤ እየጠየቀ፣ እየከለከለና እያጕረመረመ ነው።

ድምፁስ የማን ይሁን? የታወቀው የእንግሊዝ ሊቅ ስቲቨን ሆኪንግ እ.ኤ.አ. በ1985 ንግግሩን ካጣ በኋላ የተሰጠው የመሣሪያ ድምፅ የአሜሪካ አነጋገር ያለበት ነበር። ኋላ የተሻሉ ድምፆች ቢወጡም፣ «ይህ የእኔ ድምፅ ነው» በማለት እ.ኤ.አ. በ2018 እስኪሞት ድረስ አልለወጠውም። ከዚህ የምንማረው ድምፅ ከሰውዬው ጋራ ተዋሕዶ አካሉ እንደሚሆን ነው። ስለዚህ የአራት ዓመት ወንድ ልጅ በእናቱ ድምፅ ባይናገር ይመረጣል። በዕድሜ የሚቀርበው ወንድሙ ወይም የአጎቱ ልጅ ይቅዳለት። «እማዬ» የሚለውን ቃል እርስዎ ራስዎ ቢቀዱት፣ ልጅዎ ሲጫነው የሚሰሙት የገዛ ራስዎን ድምፅ ይሆናል።

የጅቡቲ ሙቀትም ሊረሳ አይገባም። የአፕል ኩባንያ አይፓድ ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለው አየር እንዲሠራ ያስጠነቅቃል፤ በከተማዎ ግን በበጋው ከ40 በላይ የሚወጣበት ቀን ብዙ ነው። መሣሪያው እጅግ ሲሞቅ ራሱን ያጠፋል፤ ሲጠፋ ደግሞ የልጁ አንደበት ጠፋ ማለት ነው። በመኪና ውስጥ አይተዉት፤ በፀሓይ ከመሄድ በጥላ ይያዙት፤ ከባሕሩ ጨውና ከአሸዋው የሚከላከል ወፍራም ልብስ ይግዙለት። ከሁሉ በላይ፣ በሰሌዳው ላይ ያሉት ሥዕሎች በዚያው በቦታቸው በወረቀት ታትመው፣ በፕላስቲክ ተለብጠው ዘወትር ከልጁ ጋራ ይሁኑ። ወረቀት መብራት ቢጠፋም፣ ሙቀት ቢጸናም አይጠፋም።

ስለ ዋጋው፣ ታዋቂዎቹ ፕሮግራሞች ታብሌቱን ሳይጨምር ከ200 ዶላር በላይ ይጠይቃሉ፤ ይህም ከ35,000 የጅቡቲ ፍራንክ ያልፋል። ስለዚህ ወንድምዎ አንድም ነገር ሳይሞከር አይግዛ። ብዙዎቹ ኩባንያዎች ለሙከራ ጥቂት ጊዜ ይፈቅዳሉ፤ ይህን አስቀድሞ ይጠይቅ። ለመነጋገሪያ የተሰጠው ታብሌትም ለፊልምና ለጨዋታ አይዋል፤ አለዚያ ልጁ አፉን በካርቱን ይለውጠዋል።

አጠቃቀሙም እንደ አመራረጡ ነው። ሕፃን ንግግር የሚማረው ሲነገር እየሰማ ነው፤ በሰሌዳ መናገርንም የሚማረው በሰሌዳ ሲነገር እያየ ነው። ስለዚህ «እንሂድ» ሲሉት እርስዎም ሥዕሉን ይንኩ፤ አባቱም፣ እኅቶቹም እንዲሁ ያድርጉ። «ይህ ምንድን ነው? አሳየኝ!» እያሉ እንደ ፈተና አያስጨንቁት። የሥዕሎቹን ቦታ አይለዋውጡበት፤ ጣቱ መንገዱን እንዲለምድ ነውና። ጥፋት ቢያጠፋም መሣሪያውን ለቅጣት አይውሰዱበት፤ የሚናገር ልጅ ቢያጠፋ ምላሱን እንደማንቈርጠው ሁሉ።

በዚህ መንገድ የሚሄዱት እርስዎ ብቻ አይደሉም። በአዲስ አበባ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የገዛ ልጃቸው ኦቲዝም ቢኖርበት፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው ጆይ የኦቲዝም ማእከልን ከፈቱ፤ ከፊደላችንም ተነሥተው አቡጊዳ ፎኔቲክስ የተባለውን የንግግር ማስተማሪያ አሰናዱ። እ.ኤ.አ. በ2021 ቢያርፉም ሥራቸው ለብዙ እናቶች መንገድ ከፍቷል። ደግሞም ይህ የምጽዋት ነገር ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ጅቡቲም በ2012 ያጸደቁት የአካል ጕዳተኞች መብት ስምምነት፣ ንግግርን የሚተኩና የሚያግዙ መነጋገሪያዎችን ሁሉ እንደ መገናኛ መንገድ ይቈጥራቸዋል። ልጅዎ ትምህርት ቤት ሲገባ ሰሌዳውን ይዞ መግባቱ መብቱ ነው።

እንግዲህ እመቤቴ፣ ምክራችን ይህ ነው። ዛሬ ማታ ስምንት ሥዕል ሥለው በወረቀት ይጀምሩ። ወንድምዎ በሰው ድምፅ የሚቀዳውን መሣሪያ አሁን ይላክልዎ፤ ታብሌቱ ግን ከምርመራውና ከሙከራው በኋላ ይድረስ። አማትዎንም ከነገሩ አያርቋቸው፤ በአማርኛው ሰሌዳ ላይ የሚገቡትን ቃላት አብረው ይምረጡ።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድመን እንንገርዎ። እርስዎ የሚጠብቁት የመጀመሪያ ቃል «እማዬ» ነው። ነገር ግን ልጅዎ በመጀመሪያው ቀን የሚጫነው መስኮት «እምቢ» ሊሆን ይችላል፤ አራት ዓመት ሙሉ ሊለው ፈልጎ ያጣው ቃል ነውና። በዚያ ጊዜ አይዘኑ፤ አይቈጡትም። ያቀረቡለትን ምግብ መልሰው ያንሡለት፤ ቃሉ እንደ ተሰማለት ይወቅ። «እምቢ» ሲል የሚሰማው ሰው እንዳለ ያወቀ ልጅ ራሱን ከግድግዳ ጋራ የሚያጋጭበት ምክንያት ይቀንሳል፤ «እማዬ» የሚልበትም ቀን ይቀርባል።