ትንታኔ፦ የውሃ እረፍቱ ለማን ነው? ከዓለም ዋንጫው ጀርባ ያለው የማስታወቂያ ጨዋታ

ሰኔ 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በእኛ አቆጣጠር ማታ 4 ሰዓት ላይ፣ ሜክሲኮ ሲቲ በሚገኘው አዝቴካ ስታዲየም ሜክሲኮ ከደቡብ አፍሪካ ይጋጠማሉ። የ2026 የዓለም ዋንጫ ተጀመረ ማለት ነው።

22ኛው ደቂቃ ላይ ዳኛው ፊሽካ ይነፋል። ጎል አልገባም፣ የተጎዳ ሰውም የለም። ተጫዋቾቹ ወደ መስመሩ ሄደው ለ3 ደቂቃ ውሃ ይጠጣሉ። በሁለተኛው አጋማሽም ይሄው ይደገማል።

ፊፋ ይህን የወሰነው ባለፈው ኅዳር መጨረሻ ነው። ምክንያቱ የተጫዋቾች ጤና ነው ብሏል። እውነትም የአሜሪካና የሜክሲኮ የሰኔ ሙቀት ቀልድ አይደለም። ግን ደንቡ የሚሠራው በሁሉም ጨዋታ ነው፤ ቀኑ ቢቀዘቅዝም፣ ስታዲየሙ ጣሪያ ቢኖረውም። ፊፋ "ለሁሉም ቡድን እኩል ሁኔታ እንዲኖር ነው" ይላል። ጥሩ። እኛ ደግሞ ሒሳቧን እንሥራ፦ 104 ጨዋታ፣ በእያንዳንዱ 6 ደቂቃ፣ ድምሩ 624 ደቂቃ። ከ10 ሰዓት በላይ አዲስ ክፍት ጊዜ ተፈጠረ። ቴሌቪዥን ጣቢያዎች በዚህ ክፍተት ማስታወቂያ ማስገባት ይችላሉ።

ውሃው ለተጫዋቾቹ ነው፤ ደቂቃው ግን የሚሸጥ ዕቃ ሆኗል። ሁለቱም እውነት ነው።

አሜሪካኖቹ ኳስን ለምን ፈሩት?

የአሜሪካ ስፖርት የተሠራው በማቋረጥ ነው። የእነሱ ፉትቦል በየደቂቃው ይቆማል፤ በቆመ ቁጥር ማስታወቂያ ይገባል። በ2025ቱ ሱፐር ቦውል የ30 ሴኮንድ ማስታወቂያ ዋጋ እስከ 8 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል። የእኛ ኳስ ግን 45 ደቂቃ ሳይቋረጥ ይሄዳል። ለነጋዴ ይሄ ራስ ምታት ነው።

አሜሪካ በ1994 የዓለም ዋንጫን ስታዘጋጅ ኤቢሲ እና ኢኤስፒኤን አንድ ዘዴ አመጡ። ጨዋታውን ሳያቋርጡ የስፖንሰሮቹን ሎጎ ስክሪኑ ላይ ካለው ሰዓት አጠገብ አስቀመጡት። ያኔ ማስታወቂያው ለጨዋታው ቦታ ለቀቀ። ዛሬ ከ32 ዓመት በኋላ ነገሩ ተገልብጧል፤ ቦታ እየለቀቀ ያለው ጨዋታው ነው።

ሌላ ምሳሌ እንጨምር። ሐምሌ 12 ለሚደረገው ፍጻሜ ለመጀመሪያ ጊዜ የእረፍት ሰዓት የሙዚቃ ትርኢት እንደሚኖር የፊፋው ፕሬዚዳንት ጂያኒ ኢንፋንቲኖ አስታውቋል። ሐሳቡ በቀጥታ ከሱፐር ቦውል የመጣ ነው። ችግሩ የእግር ኳስ ሕግ እረፍት ከ15 ደቂቃ እንዳይበልጥ ማዘዙ ነው። በ2024 የኮፓ አሜሪካ ፍጻሜ ሻኪራ ስትዘፍን እረፍቱ ወደ 25 ደቂቃ ተለጥጦ ነበር። የኮሎምቢያው አሰልጣኝ ኔስቶር ሎሬንዞ ተጫዋቾቼ ሰውነታቸው ይቀዘቅዛል ብሎ ቅሬታ አሰምቷል። የሰማው ግን የለም።

ብሩ ስንት ነው?

ፊፋ እስከ ኳታር 2022 ባሉት አራት ዓመታት ያስገባው ገቢ 7.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ለ2026ቱ ዙር መጀመሪያ 11 ቢሊዮን አቅዶ፣ በኋላ ወደ 13 ቢሊዮን ከፍ አድርጎታል። ጨዋታው ከ64 ወደ 104፣ ቡድኖቹ ከ32 ወደ 48 ያደጉበትን አንዱን ምክንያት እዚህ ቁጥር ውስጥ ታገኙታላችሁ።

የዚህ ገንዘብ ትልቁ ክፍል የሚመጣው ከቴሌቪዥን መብት ነው። ስፖንሰሮችም አሉ፦ አዲዳስ፣ ኮካ ኮላ፣ ቪዛ፣ ሃዩንዳይ፣ ኳታር ኤርዌይስ፣ የሳዑዲው የነዳጅ ኩባንያ አራምኮ። ኮካ ኮላ ማስታወቂያውን በዓለም ዋንጫ ስታዲየሞች መስቀል የጀመረው በ1950 ነው።

እነዚህ የሚገዙት ምንድነው? ቦርድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሚገዙት የሌላውን ዝምታ ነው። ፍጻሜው የሚደረግበት ሜትላይፍ ስታዲየም የተሰየመው በአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ነው። ድርጅቱ የፊፋ ስፖንሰር ስላልሆነ በዓለም ዋንጫው ወቅት ስታዲየሙ "ኒውዮርክ ኒውጀርሲ ስታዲየም" ይባላል። የአትላንታው መርሴዲስ ቤንዝ ስታዲየምም "አትላንታ ስታዲየም" ሆኗል። ያልከፈለ ስሙ አይጠራም።

ግን ከፍሎም ጉድ የሚሆን አለ። በድዋይዘር ከ1986 ጀምሮ የዓለም ዋንጫ ስፖንሰር ነው። በኳታር ግን ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው በስታዲየሞቹ ዙሪያ ቢራ መሸጥ ተከለከለ። ድርጅቱ ምን አደረገ? መጋዘን ሙሉ ቢራውን ፎቶ አንስቶ "ላሸነፈው አገር ይሰጣል" ብሎ ለጠፈ። ኪሳራውን ራሱን ማስታወቂያ አደረገው።

ሳይከፍሉ መግባት፦ የደፈጣ ማስታወቂያ

በር ሲዘጋ በመስኮት የሚገባ አይጠፋም። እዚሁ አፍሪካ ውስጥ፣ በደቡብ አፍሪካ 2010 የተደረገውን እንይ።

ኩሉላ የሚባል ርካሽ የደቡብ አፍሪካ አየር መንገድ ነበር። ስፖንሰር ስላልነበረ "የዓለም ዋንጫ" የሚለውን ቃል መጠቀም አይችልም። ስለዚህ ራሱን "የዚያ የምታውቁት ነገር ይፋ ያልሆነ አየር መንገድ" ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። ፊፋ ተቆጣ፤ ማስታወቂያው ተነሳ። ኩሉላ ግን አልተኛም። ሴፕ ብላተር የሚባል ሰው ካለ በነፃ አበረዋለሁ አለ፤ የወቅቱ የፊፋ ፕሬዚዳንት ስም ነው። ሴፕ ብላተር የተባለ ተገኘ፤ ውሻ ነበር። የአንድ አየር መንገድ ቀልድ ዓለምን ዞረ።

በዚያው ውድድር ኔዘርላንድስ ከዴንማርክ ስትጫወት 36 ብርቱካናማ ቀሚስ የለበሱ ሴቶች ከስታዲየም እንዲወጡ ተደረጉ። ቀሚሱ ባቫሪያ ከሚባል የሆላንድ ቢራ ጋር ተያይዞ የመጣ ነበር። ሁለቱ ታስረው ጉዳያቸው በኋላ ተቋረጠ። ፊፋ ዝም ቢላቸው ኖሮ የቢራውን ስም ማን ይሰማ ነበር? ክልከላው ራሱ ዋናው ማስታወቂያ ሆነ።

ከስፖንሰሩ በላይ የሆነ ተጫዋች

የ2022ን ፍጻሜ ካሸነፈ በኋላ ሜሲ ኢንስታግራም ላይ የለጠፈው ፎቶ ከ70 ሚሊዮን በላይ ላይክ አግኝቷል። ከዚያ በፊት የትኛውም ፖስት እዚያ ደርሶ አያውቅም። ማሊያው ላይ ያለው የአዲዳስ ምልክትም አብሮ ታየ። አሁን ተጫዋቹ ራሱ የቴሌቪዥን ጣቢያ ነው።

የሮናልዶን ጠርሙስ ታስታውሳላችሁ? ሰኔ 2013 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ ዋንጫ ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ሁለት የኮካ ኮላ ጠርሙስ ገፍቶ ውሃ አነሳ። ወዲያው "ሮናልዶ ኮካ ኮላን 4 ቢሊዮን ዶላር አከሰረው" የሚለው ዜና ቲክቶክና ፌስቡክን ሞላው። ዛሬም ሼር ይደረጋል።

እውነታው ግን ሌላ ነው። የአክሲዮኑ ዋጋ መውረድ የጀመረው ጠርሙሱ ከመነሳቱ በፊት ነው። ያ ቀን ደግሞ ከዚያ ጀምሮ አክሲዮን የሚገዛ ሰው የሚቀጥለውን የትርፍ ድርሻ የማያገኝበት ቀን ነበር፤ በእንዲህ ያለ ቀን ዋጋ ትንሽ መውረዱ የተለመደ ነው። ታሪኩ ስለጣፈጠ ማንም አላጣራውም። በስልክ ዘመን ማስታወቂያም ሐሰተኛ ዜናም የሚሠሩት በአንድ መንገድ ነው፦ ታዋቂ ፊት፣ ትልቅ ቁጥር፣ አጭር ቪዲዮ።

ጨዋታው ሌሊት 10 ሰዓት፣ እኛ ግን ጠዋት በስልክ

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ኢትዮጵያ በዓለም ዋንጫ ተሳትፋ አታውቅም። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ በናይጄሪያ ተሸንፈን ብራዚል ሳንሄድ ስንቀር ያዘንነው ሐዘን ገና አልወጣልንም። ግን ዋንጫው በመጣ ቁጥር የዲኤስቲቪ ቤቱ ይሞላል፣ ሰፈሩ አርጀንቲና እና ብራዚል ተብሎ ይከፈላል።

ዘንድሮ ለየት የሚያደርገው ሰዓቱ ነው። ከአሜሪካ ጋር ባለን የሰዓት ልዩነት አንዳንድ ጨዋታዎች በእኛ ሌሊት 7 ሰዓት፣ ሌሎቹ 10 ሰዓት ላይ ይጀምራሉ። ያኔ የዲኤስቲቪ ቤት ተዘግቷል፣ ታክሲም የለም። ጠዋት ሥራም ትምህርትም አለ። ስለዚህ ብዙዎቻችን ዓለም ዋንጫውን የምናየው ጠዋት፣ በስልክ፣ በአጫጭር ክሊፕ ነው።

ይህን ፊፋም ያውቃል። ባለፈው ጥር መግቢያ ላይ ቲክቶክን የውድድሩ "ተመራጭ መድረክ" ብሎ ሰይሟል። የተመረጡ ቲክቶከሮች ልምምድ ሜዳና ጋዜጣዊ መግለጫ ድረስ ይገባሉ።

ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ቴሌቪዥን ላይ ማስታወቂያ ሲመጣ ታውቁታላችሁ፤ ተነስታችሁ ሻይ ታዝዛላችሁ። ስልክ ላይ ግን ማስታወቂያው የጓደኛችሁን ፊት ይዞ ይመጣል። ይስቃል፣ ያወራል፣ ስለ ጎሉ ይተነትናል፣ መጨረሻ ላይ "ሊንኩ ባዮ ላይ አለ" ይላል።

ያ ሊንክ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚወስደው ወደ ቤቲንግ ነው።

የቢራው ቦታ ላይ ማን ገባ?

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የቢራ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ቴሌቪዥን አስወጣ። ከዚያ በፊት ኳስና ቢራ አብረው ነበር የሚታዩት። ብዙም ሳይቆይ የአገራችን ፕሪሚየር ሊግ ራሱ የአንድ ውርርድ ድርጅትን ስም ይዞ "ቤትኪንግ ፕሪሚየር ሊግ" ተባለ። ቢራው ሲወጣ ቤቲንጉ ገባ።

ቲኬት የሚቆርጥን ሰው ለመስደብ አይደለም። ሁላችንም የምናውቀው ሰው አለ። ግን ሒሳቡን አንድ ጊዜ አብረን እንየው።

ዕድሉ እኩል ለእኩል የሆነ ነገር እናስብ፤ ሳንቲም እንደመወርወር። ትክክለኛው ኦድ 2.00 ነው። ቤቱ ግን 1.90 ይሰጣል እንበል። በ100 ብር ስትጫወቱ በአማካይ 95 ብር ይመለሳል። 5 ብር ቀረች፣ ምን ችግር አለ? ትላላችሁ።

ችግሩ ማንም በአንድ ጨዋታ አይቆርጥም። አሥሩን እናገናኘው። አሥሩም የመግባት ዕድላቸው ከ1,024 አንድ ነው። ከገባ 100 ብሩ 61,300 ብር ገደማ ይሆናል። ማስታወቂያው የሚያሳያችሁ ይህን ነው። የማያሳያችሁ፣ ዕድሉ በትክክል ቢከፈል ኖሮ 102,400 ብር መሆን እንደነበረበት ነው። ከ100 ብር በአማካይ የሚመለሰውም 60 ብር ብቻ ነው። አምስቷ ብር ጨዋታ በጨመራችሁ ቁጥር እየተባዛች አርባ ሆነች። "አንድ ጨዋታ አበላሸብኝ" የሚለው ምሬት አጋጣሚ አይደለም፤ ሒሳቡ የተሠራው እንደዚያ እንዲሆን ነው።

ሌላ ማወቅ ያለባችሁ፦ በውርርድ ዓለም ሰው የሚያመጡ ገጾች ክፍያ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በእናንተ ምዝገባ ልክ ይከፈላቸዋል። ሁለተኛው ደግሞ እናንተ ከምትሸነፉት ብር ድርሻ ያገኛሉ። ስለዚህ "የዛሬ ሹር ቲኬት" ብሎ ፕሮሞ ኮድ የሚሰጣችሁ ሰው፣ እናንተ ስትበሉ የሚበላ ላይሆን ይችላል፤ ስትበሉት የሚበላም አለ። የገባችውን ቲኬት ስክሪንሹት ይለጥፋል፣ ያልገቡትን ያጠፋል። "ፊክስድ ማች አለኝ" የሚለውማ፣ ውጤቱን በእርግጥ ቢያውቅ ለእናንተ በ500 ብር ለምን ይሸጣል?

ታዲያ ምን እናድርግ?

ዓለም ዋንጫውን አትዩ አንልም። ራሳችንም እናያለን፤ ሌሊት 10 ሰዓት አላርም የሞላን አለን። ማስታወቂያ ባይኖር ውድድሩ በዚህ መልኩ አይመጣልንም፤ ይህም እውነት ነው።

ግን ሰኔ ላይ አንድ ቪዲዮ ስታዩ ሦስት ነገር ጠይቁ። ይህ ሰው ለምን ያህል ብር ነው ይህን የሚያወራው? ያሳየኝ ያሸነፈውን ብቻ ነው ወይስ የተበላውንም? ሊንኩን ስነካ ሒሳቡን የሚከፍለው ማነው?

የውሃ እረፍቱ ሲመጣ እናንተም ስልካችሁን አስቀምጡና ውሃ ጠጡ። 3 ደቂቃ ነው።

እናንተስ? ባለፈው ዋንጫ ከጨዋታዎቹ ይልቅ የማትረሱት ማስታወቂያ የትኛው ነው? ቲኬት የሚቆርጥ ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ የአሥሩን ጨዋታ ሒሳብ አሳዩት።