የእንግዳው ውኃና የባለ በቅሎው ውኃ

ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበርና በጨነቅ በኩል ወደ ራስ ደጀን የሚሄድ መንገደኛ፣ የቧሂትን አፋፍ ተሻግሮ ወደ መሸሃ ወንዝ ቁልቁል ከወረደ በኋላ እንደ ገና ሽቅብ ወጥቶ 3200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ካለችው ከአምቢኮ መንደር ሲደርስ፣ ጉልበቱ ዝሎ፣ ከንፈሩ በነፋስ ተሰነጣጥቆ፣ በጠርሙሱ የያዘውም ውኃ አልቆበት ነውና፣ ከምንጭ ተቀድቶ የቀረበለት ውኃ እንደ ብርሌ ጠርቶ ሲያየው፣ ይህ ነገር ከመጠጣቱ በፊት ሊመረመር ይገባዋል ብሎ ለማሰብ ልቡናው እሺ አይለውም። እዚያው ቆሞ ዙሪያውን ቢመለከት ግን በአንድ ጓዝ ውስጥ ሦስት ዓይነት ውኃ ሲጠጣ ያያል፤ ከባሕር ማዶ ወይም ከአዲስ አበባ የመጣው እንግዳ በበቅሎ ተጭኖ የመጣውን የታሸገ ውኃ፣ ወይም በገዛ ማጣሪያው ያሳለፈውን ይጠጣል፤ አስጎብኚውና ምግብ አብሳዩ ለሻይ ከፈላው የተረፈውን ይቀዳሉ፤ ባለ በቅሎውና ጠመንጃውን ያነገተው የፓርኩ ጥበቃ ደግሞ ወደ ምንጩ ጎንበስ ብለው በእፍኛቸው ይጎነጫሉ። ስለ ተራራ ጉዞ የሚመክሩ ሁሉ የሚያነሡት ጥያቄ፣ ውኃውን ማከም ይገባል ወይስ አይገባም፣ የሚገባስ ከሆነ በምን መንገድ ይሁን የሚል ነው፤ እኔ ግን ይህ ጥያቄ ለእንግዳው ብቻ እስከ ተጠየቀ ድረስ መልሱ ግማሽ ሆኖ ይቀራል እላለሁ።

ማከም ይገባል ወይ የሚለው ብዙ የሚያከራክር አይደለም። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ በኋላ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገብቶ እስከ 2017 የቆየው በብዙ ምክንያት ቢሆንም፣ ከነዚያ ምክንያቶች አንዱ የከብት ግጦሽ መብዛት ነበረ፤ ይህንንም የማነሣው የዋልያውን ነገር ለመተረክ አይደለም፣ ሌላ ብዕር ይተርከዋልና፤ ነገር ግን ከብት ከሚውልበት ተዳፋት ሥር የሚፈልቅ ምንጭ፣ በዝናም ታጥቦ የሚወርደውን ፋንድያ ሁሉ ይዞ እንደሚመጣ ማንም አስተዋይ ይረዳል። በዚህ ላይ የሰውን ድርሻ መጨመር ያስፈልጋል፤ በየሰፈራው ድንኳን የሚተክለው መንገደኛ ራሱ ከወንዙ ሳይርቅ ከተጸዳዳ፣ ነገ ለሚመጣው መንገደኛ የሚተላለፈውን ደዌ ያዘጋጀው እርሱ ነው። ጃርዲያ፣ አሜባ፣ ታይፎይድ፣ ኮሌራ የሚባሉት ደዌያት የሚመጡባቸው ረቂቃን ተሐዋስያን በዓይን የማይታዩ ስለሆኑ የውኃው መጥራት ስለ እነርሱ ምንም አይመሰክርም። በዓይን የሚታየው የአልቅት ነገር ነው፤ እርሱም ቢሆን ገና ቀጭን ሳለ ሳይታወቅ ከውኃው ጋር ገብቶ በሰውም በበቅሎም ጉሮሮና አፍንጫ ውስጥ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል፤ ስለዚህ እናቶቻችን ውኃ ሲቀዱ በማድጋው አፍ ላይ ነጠላ ጣል አድርገው ማጥለላቸው፣ ሳይንስ ያላስተማራቸው ነገር ግን ሳይንስ የሚያመሰግነው ጥበብ ነው። ነጠላው አልቅትንና ዝቃጭን ይይዛል፤ ረቂቃኑን ግን ያሳልፋቸዋል።

የማከሚያውን መንገድ በሚመለከት፣ በደጋው ሰው ዘንድ አንድ የቆየ ክርክር ሰምቻለሁ፤ እርሱም በዚህ ከፍታ ላይ የባቄላ ንፍሮ እንኳ እስኪበስል ቀኑ ይመሻልና፣ ባቄላን ማብሰል ያቃተው የፈላ ውኃ ተሐዋስያንን እንዴት ሊገድል ይችላል የሚል ነው። ክርክሩ ሞኝነት የለበትም፤ መነሻው እውነት ነውና። አየሩ እየሳሳ በሄደ መጠን ውኃ የሚፈላበት ሙቀት ይቀንሳል፤ በባሕር ወለል 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ውኃ በአምቢኮ 90 ዲግሪ ገደማ፣ በራስ ደጀን ራስ ላይ ደግሞ 85 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ነገር ግን ባቄላ የሚፈልገው ሌላ፣ ደዌ አምጪ ተሐዋስያንን የሚያጠፋቸው ሌላ ነው፤ የኋለኞቹ በ70 ዲግሪ ሙቀት በጥቂት ጊዜ ውስጥ ያልቃሉ፤ ስለዚህ በየትኛውም የሰሜን ከፍታ ላይ ድስቱ ከተንተከተከ በኋላ ውኃው ጤናማ ሆኗል ማለት ነው። የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ መሥሪያ ቤት ከ2000 ሜትር በላይ ሦስት ደቂቃ ማፍላትን የሚመክረው ለጥንቃቄ ሲባል ነው፤ ሦስት ደቂቃም እጅግ የበዛ ትዕግሥት የሚጠይቅ አይደለም።

የማፍላት እውነተኛ ነውሩ ማገዶው ነው። አንድ ሊትር ውኃ በእንጨት ለማፍላት አንድ ኪሎ ግራም ያህል እንጨት ይፈጃል ተብሎ ይገመታል፤ በዚያ አገር ደግሞ ቶሎ የማያድገው አስታ ተቆርጦ ካለቀ ተራራው ራቁቱን ይቀራል። እንግዳ ሆዱን ሊያድን ብሎ የዋልያውን መጠለያ እንዲያቃጥል መፍቀድ በጎ ምክር ሊባል አይችልም፤ ስለሆነም ማፍላት የተሻለው መንገድ የሚሆነው በነጭ ጋዝ ወይም በሲሊንደር ምድጃ ሲሆን ነው፤ ይህም ከደባርቅ ሳይነሡ በፊት የሚታሰብ የስንቅ ጉዳይ እንጂ አምቢኮ ደርሰው የሚያስቡት አይደለም።

ነቢዩ ኤልሳዕ በኢያሪኮ የነበረውን ክፉ ውኃ፣ በአዲስ ማሰሮ ጨው አስመጥቶ ወደ ምንጩ በመጣል እንደ ፈወሰው በመጽሐፈ ነገሥት ተጽፏል። ያ ተአምር ነውና ከኬሚስትሪ ጋር ማምታታት አይገባም፤ ሆኖም ዛሬ ውኃ አጋር እየተባለ በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው የክሎሪን መድኃኒት በመሠረቱ ከተራ ጨው በኤሌክትሪክ ኃይል የሚወጣ መሆኑን ያወቀ ሰው ፈገግ ሳይል አይቀርም። ይህ መድኃኒት፣ እንዲሁም እንክብሉ አኳታብስ፣ ዋጋው ቀላል፣ ክብደቱም ኢምንት ነው፤ ማገዶም አይፈልግም። ድካሙ ሁለት ነው፤ የመጀመሪያው፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለውን ከከብት የሚመጣ ተሐዋሲ አይገድለውም፤ ሁለተኛው፣ በደፈረሰና በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ ኃይሉ ይዳከማል። በክረምት ማግሥት መሸሃ ቡናማ ሆኖ በሚወርድበት ጊዜ አስቀድሞ ማጥለል፣ በጥቅምትና በኅዳር ብርድ ደግሞ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ከግማሽ ሰዓት አስበልጦ መጠበቅ ግድ ነው፤ የራስ ደጀንን ራስ ለመርገጥ በጨለማ የሚነሣ ሰው ጠርሙሱን ሞልቶ ወዲያው የሚጠጣ ከሆነ የጠጣው መድኃኒቱን እንጂ የመድኃኒቱን ሥራ አይደለም።

እንግዶች የሚኮሩባት የእጅ ማጣሪያም ተመሳሳይ ነገር አለባት። ባክቴሪያውንና ከከብት የሚመጣውን ክፉ ተሐዋሲ በእርግጥ ትይዛለች፤ እጅግ ረቂቅ የሆነውን ቫይረስ ግን አብዛኞቹ አይዙትም። ከዚህም በላይ በጨነቅ ሌሊት ውኃ በጠርሙስ ውስጥ ይረጋልና፣ ማጣሪያዋ እርጥብ እንደ ሆነች ከድንኳን ውጭ ካደረች በውስጧ ያሉት ረቂቅ ቱቦዎች ተሰንጥቀው፣ በውጭ ምንም ሳይታይባት፣ በማግሥቱ ሁሉንም ታሳልፋለች፤ ከባለቤቷ ጋር በመኝታ ከረጢት ውስጥ ማደር ይኖርባታል። ደግሞም ማጣሪያዋ የአንድ ሰው ንብረት ናት፤ ጓዙን ሁሉ በእርስዋ ላጠጣ የሚል ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲጨምቅ ያድራል። የታሸገውን ውኃ በተመለከተ አጭር ቃል ይበቃኛል፤ ውኃን በአጋሰስ ጭኖ የውኃ አገር ወደ ሆነው ተራራ ማውጣትና ባዶውን የሃይላንድ ጠርሙስ በጉድጓድ አቃጥሎ መመለስ፣ ለበቅሎውም ለተራራውም ግፍ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰው፣ በተለይም በምንጭ ዳር ጸበል ሲጠመቅ ያደገ፣ እግዚአብሔር የባረከውን ውኃ በመድኃኒት መለወጥ የእምነት ጉድለት አይሆንምን ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እኔም ለጸበል ያለኝ አክብሮት የማንንም ያህል ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2023 በምዕራብ ጎንደር በቋራ ወረዳ በበርሜል ጊዮርጊስ ጸበል በተሰበሰቡት ምእመናን መካከል ኮሌራ ተነሥቶ ነበር፤ ይህም የመጣው ከጸበሉ ቅድስና ጉድለት ሳይሆን፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ በቂ መጸዳጃና ንጹሕ የመጠጥ ውኃ በሌለበት ስፍራ በመከማቸቱ ነው። ሰው ለፈውስ የሚቀበለው ጸበልና ለጥሙ በጀሪካን የሚቀዳው ውኃ ሁለት መሆናቸውን ካህናቱም አይክዱም፤ በጀሪካኑ ውስጥ የገባ ክሎሪን ከመስቀሉ ጋር የሚጣላበት ምክንያት የለም።

ከዚህ ይልቅ የሚያስቸግረው የባለ በቅሎው መልስ ነው፤ «እኛ ለምደነዋል» ይላል። እውነቱን ነው፤ እርሱ ለምዶታል። ለምዶ የተረፈው እርሱ ነውና የሚናገረውም እርሱ ነው፤ ሳይለምዱ በሕፃንነታቸው በተቅማጥ ያለፉት እኅቶቹና ወንድሞቹ መልስ ሊሰጡን አይችሉም። ደግሞም ልማዱ ፍጹም አይደለም፤ ደዌ ሲጥለው ከሥራ ቀርቶ የቀን ገቢውን ያጣል፤ እንግዳው ግን ታሞ እንኳ ቢሆን በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደባርቅ ይወርዳል። በቅሎውን የሚነዳውም ያው ሰው ነው።

ስለዚህ አሳቤ የሚከተለው ነው። አስጎብኚ፣ ጥበቃ፣ በቅሎና ምግብ አብሳይ በደባርቅ በሚቀጠሩበት ጊዜ፣ በውሉ ላይ አንድ ትልቅ ብረት ድስትና ለጓዙ ሁሉ የሚበቃ ነጭ ጋዝ እንዲጻፍ ቢደረግ፣ ራት ከተበላ በኋላ ምድጃው ገና ሳይጠፋ፣ በነጠላ የጠለለ ውኃ በድስቱ ሞልቶ መፍላት፣ በክዳኑ ተሸፍኖም ማደር ይችላል፤ የአምቢኮ ብርድ እስኪነጋ ድረስ ያቀዘቅዘዋል፤ ሌሊት በአሥር ሰዓት የሚነሡት ሁሉ፣ እንግዳውም ጥበቃውም ባለ በቅሎውም፣ ከአንድ ድስት ይቀዳሉ። ውኃ አጋሩ በመንገድ ላይ ለሚያልቅበት ሰው መጠባበቂያ ይሆናል። ከዚህ ቀጥሎ፣ ከእንግዶች ከሚሰበሰበው ክፍያ ጥቂቱ ተከፍሎ የሰፈሩ ምንጭ በሲሚንቶ ቢጎለብት፣ ከብት እንዳይረግጠው ቢታጠር፣ ከታቹም ለበቅሎዎች ገንዳ ቢሠራለት፣ መጸዳጃውም ከወንዙ ርቆ ቢቆፈር፣ ጥቅሙ እንግዳ ከማይመጣባቸው ወራት አልፎ ለመንደሩ ልጆች ይደርሳል። የድስቱና የጋዙ ዋጋ በእንግዳው ሒሳብ ላይ ቢጨመር የሚከራከር ሰው ይገኛል ብዬ አላምንም፤ ቢገኝም ራስ ደጀንን ትቶ በደባርቅ ሆቴል አርፎ ተራራውን ከመስኮት ቢያየው ይሻለዋል።