የልጅዎን ውጤት ማን ማን ያየዋል?

ከደባርቅና ከዳባት ጎንደር ድረስ ከመመላለስ የልጅን ራጅና የላብራቶሪ ውጤት በስልክ መላክ ይቀላል። ነገር ግን ጎግል ድራይቭ ላይ «ሊንኩ ያለው ሁሉ» በሚል ካጋሩት፣ ሊንኩ የደረሰው ሰው በሙሉ ይከፍተዋል። የኤችአይቪ ውጤት ደግሞ አንዴ ሰፈር ከገባ አይመለስም።

✅ ለሐኪሙ ኢሜይል ብቻ ያጋሩ
✅ ማየት እንጂ ማስተካከል አይፍቀዱ
✅ ምክሩ ሲያልቅ ፈቃዱን ያንሱ

ይህ ግን የወላጅ ሸክም ብቻ መሆን የለበትም። በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። እኛ ባለሙያዎች የታካሚ ስም ያለበትን ፎቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መለጠፍ እናቁም፤ ሥራ የለቀቀ ባልደረባም ከጋራ ፎልደሩ ወዲያው ይውጣ። ምስጢሩ የታካሚው ነው፤ እኛ ጠባቂዎች ነን።