ርእሰ አንቀጽ፦ የቆረጥነው ተዳፋት



እንደሚታወቀው በሰፈራችን ሜዳ ቦታ ብዙም የለም። ስለሆነም ቤት የሚሠራ ሁሉ ተዳፋቱን ይቆርጥና አፈሩን ወደ ታች ገፍቶ ግቢውን ያሰፋል። በጥር ሲቆረጥ ቀዩ አፈር እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ዶማ ሁሉ ይመልሳል። «ይሄማ ድንጋይ ነው» እንላለን። ድንጋይ ግን አይደለም፣ ሸክላነት ያለው አፈር ነው። ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ እርስ በርስ የተያያዘበት ኃይሉም ይደክማል። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ እርጥብ አፈር ወደ 18 ኩንታል ይመዝናል። ይህ ሌሊት በተኛ ልጅ ላይ ቢናድ ምን እንደሚሆን እናስብ።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከባድ ዝናብ የጠጣ ተዳፋት ተንዶ ከ200 በላይ ወገኖቻችን አልቀዋል። ብዙዎቹ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ፤ መሬቱ ዳግመኛ ተንዶ ዋጣቸው። «ያ ተራራ ነው፣ የኛ የጓሮ ቁፋሮ ነው» የሚል አይጠፋም። ሰው ለመቅበር ግን የሰው ቁመት ያህል ቁፋሮ ይበቃል።

የተገፋውስ አፈር? እኔ ጸሐፊው ራሴ ኩሽናዬን ግማሹን በነባሩ መሬት፣ ግማሹን በሙሌት ላይ ሠርቼ ነበር። አንድ ክረምት አልቻለም። ሙሌቱ ሰጠመ፣ ግድግዳው ከመሃሉ ተሰንጥቆ ዶሮ ያሳልፋል። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች። የተገለበጠ አፈር ውስጡ ክፍተት ነው፤ ውሃ ሲገባው ይወርዳል። መሙላት የግድ ከሆነ ከአንድ ስንዝር ሳይበልጥ እየተነባበረ፣ ሲጨብጡት የሚያያዝ ግን እጅ ላይ የማይለጠፍ ሆኖ ሳለ ይጠቅጠቅ። ቅጠልና ሥር ያለበት ጥቁሩ የላይ አፈር ይበሰብሳልና ለእንሰቱ ይተው።

ስለዚህ ዝናቡ በከበደበት ወር ማንም ተዳፋት አይቁረጥ። የቆረጠም ከበላዩ ቦይ ያውጣ፤ የቆርቆሮውን ውሃ ወደ ቁፋሮው አይልቀቅ። ከላይ መሬቱ ከተሰነጠቀ ወይም ዛፍ ከዘመመ ልጆች ይዞ መውጣት ነው፤ ለዕቃ መመለስ የለም። ክፉ አያምጣና ከተናደም፣ ላዩን የሚጠብቅ ሰው ሳይቆም ማንም ለማውጣት አይግባ።

የማኅበሩ መጠቅጠቂያ እኔ ደጃፍ አለ፤ ወስዳችሁ ሥሩበት። ባለፈው የወጣው ዶማ ግን እስካሁን አልተመለሰም።

የማኅበሩ ጸሐፊ