ለጠባብ ማድ ቤት የሚሆን ኤር ፍራየር

የዛሬው ጽሑፋችን መነሻ ከአንዲት እኅታችን የደረሰን አጭር ደብዳቤ ነው። እኅታችን ከባለቤቷና ከሁለት ልጆቿ ጋር በኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ውስጥ ትኖራለች። ባለፈው ረመዳን ሳንቡሳ ስትጠብስ ትንሹ ልጇ የመጥበሻውን እጀታ ሊይዝ ሲንጠራራ ለጥቂት ነው የደረሰችበት። አሁን ዱባይ ያለች እኅቷ ኤር ፍራየር ልትልክላት ፈልጋ «ትንሹን ነው ትልቁን?» ብላ ጠይቃታለች። «ማድ ቤቴ አንድ ሰው ከቆመበት ሁለተኛ የማያስገባ ነው፤ ምን ልበላት?» ትለናለች።

ትንሹን በያት ብለን ልንመልስ ነበር። ነገሩን ስናየው ግን እንዲያ ቀላል ሆኖ አላገኘነውም።

በቅድሚያ ዕቃው ምን እንደሆነ እንወቅ። ፊሊፕስ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ2010 እ.ኤ.አ. በዚህ ስም ለገበያ ካቀረበው ወዲህ ብዙ ኩባንያዎች ሠርተውታል። ስሙ መጥበሻ ይሁን እንጂ ሥራው የትንሽ ምድጃ ነው። ከላይ የሚግል ሽቦና ማራገቢያ አለው፤ ማራገቢያው የጋለውን አየር በቅርጫቱ ዙሪያ በኃይል ስለሚነዳው የምግቡ ውጫዊ ክፍል ደርቆ ይጠነክራል። ስለዚህ ዘይት ውስጥ ተነክሮ እንደወጣው ያለ ሳንቡሳ የሚጠብቅ ሰው ቅር ይለዋል። ይጣፍጣል፤ ነገር ግን ጣዕሙ ወደ ተጋገረ ያደላል። በምትኩ ግማሽ ሊትር ዘይት የሚፈልገው ሥራ በአንድ ማንኪያ ያልቃል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የፈላ ዘይት ከልጆች አጠገብ ይርቃል። ለእኅታችን ይኸኛው ብቻውን በቂ ምክንያት ነው ብለን እናምናለን።

አሁን ወደ መጠኑ እንምጣ። በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ሊትር ብዙ ሰው ያሳስታል። ሊትር የሚለካው ከፍታውንም ጭምር ነው፤ ሳንቡሳ ግን አንዱ ባንዱ ላይ ተከምሮ አይበስልም፤ አየር ካልዞረው የተደራረበው ቦታ ነጭና ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት የቅርጫቱ ወለል ስፋት ነው። ወለሉ በሁለቱም አቅጣጫ 18 ሳንቲ ሜትር ከሆነ መካከለኛ ሳንቡሳ ቢበዛ አምስት ይይዛል። 22 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ሰባት ወይም ስምንት ይገባል። ክብ ከሆነው ይልቅ አራት ማዕዘን የሆነው ቅርጫት ለሳንቡሳ ይመቻል። ለአራት ሰው አሥራ ሁለት ሳንቡሳ ቢታሰብ፣ በትንሹ ሦስት ዙር፣ በሰፊው ሁለት ዙር መሆኑ ነው። አንዱ ዙር ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ስለሚፈጅ፣ በትንሹ ለሚሠራ ሰው የመጀመሪያው ዙር የመጨረሻው እስኪደርስ ይለሰልሳል። አዛን ሊል ሲቃረብ የሦስተኛውን ዙር መጠበቅ ምን እንደሚመስል የጾመ ያውቀዋል።

ቦታውንስ? እዚህ ላይ አንድ የሞከርነውን ዘዴ እንንገራችሁ። የዕቃውን ወርድና ጥልቀት ከሻጩ ጠይቃችሁ ካርቶን በልኩ ቁረጡና ሊቀመጥበት በታሰበው ቦታ ላይ ሦስት ቀን ተዉት። ሽንኩርት መክተፊያ ካሳጣችሁ ያን ጊዜ ታውቁታላችሁ። ከኋላው ትኩስ አየር ስለሚወጣ ከግድግዳው ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር መራቅ አለበት፤ ቅርጫቱም እንደ መሳቢያ ወደ ፊት ስለሚወጣ ፊት ለፊቱ ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ሽቦው ከጠረጴዛው ጫፍ እንዳይንጠለጠል ይታሰብበት፤ እጀታ ለመያዝ የተንጠራራ ልጅ ሽቦ ለመሳብም አይሰንፍም። የቅርጫቱ ውስጥ እስከ 200 ዲግሪ ስለሚግል፣ ዘይት የለውም ተብሎ መዘናጋት አይገባም። ቅርጫቱ በእጅ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ይገባ እንደሆነም ለኩ፤ ይህን የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው።

የመብራቱን ነገር በዝርዝር የምናነሳው እኛም ተጎድተንበት ስለሆነ ነው። ቤታችን ውስጥ ኤር ፍራየሩንና የውኃ ማፍያውን በአንድ ርካሽ ማከፋፈያ ሰክተን ማከፋፈያው ቀልጦ ሽታው ነው ያስጠነቀቀን። ትንሹ ኤር ፍራየር 1000 ዋት አካባቢ፣ አራት ሊትሩ 1400 ወይም 1500 ዋት ይፈልጋል። በእኛ 220 ቮልት ይህ ከ4.5 እስከ 7 አምፔር ገደማ ነው፤ ግድግዳው ላይ ያለው ደህና ሶኬት ይችለዋል። የእንጀራ ምጣድ ግን ብዙውን ጊዜ ከ3500 ዋት በላይ ስለሚወስድ ሁለቱን በአንድ መስመር ላይ ባንድ ጊዜ ማብራት አይገባም። እንጀራው አስቀድሞ ይጋገር።

ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጣውን በተመለከተ፣ የዱባይ ዕቃ ኃይሉ ከእኛ ጋር ይስማማል፤ ስፒናው ግን ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስላለው በእኛ ሶኬት አይገባም። ከገበያ የሚገዛ ስስ አዳፕተር ከመጠቀም ስፒናውን በባለሙያ ማስቀየር ይሻላል። በሳዑዲ 127 ቮልትም ለረዥም ዘመን ይሠራበት ስለነበር ከዚያ የሚመጣ አሮጌ ዕቃ ከሥሩ የተለጠፈው ጽሑፍ ሳይነበብ አይሰካ። ከአሜሪካ የሚመጣው 120 ቮልት ስለሆነ ባይላክ እንመርጣለን፤ የሚያስፈልገው ትራንስፎርመር ያንን ጠባብ ማድ ቤት ይሞላዋል።

በጣት የሚነካው ይሻላል ወይስ በእጅ የሚዞረው? እኛ የሚዞረውን እንመርጣለን። መብራት ሄዶ ሲመጣ በጣት የሚነካው አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው እንዲታዘዝ ይፈልጋል። የሚዞረውም እንከን አለው፤ ሰዓቱ በሞላ የሚሠራ ከሆነ መብራት በሌለበትም መቁጠሩን ስለማያቆም፣ ደወል ሰምታችሁ ስትከፍቱ ጥሬ ልታገኙ ትችላላችሁ።

የማይሆኑለትንም እንናገር። እንደ ባጊያ ያለ ቀጭን ሊጥ በቅርጫቱ ቀዳዳ ይፈስሳል። ቆሎ ለመቁላት የሞከረ ሰው ማራገቢያው እንደሚበታትነው ያያል። ሳንቡሳውም ቢሆን ጠርዙ በዱቄት ሙጫ በደንብ ካልተዘጋ አየሩ ይከፍተዋል። ሥጋውም ምስሩም አስቀድሞ በስሎ፣ ላዩ በብሩሽ ዘይት ተቀብቶ፣ በ180 ዲግሪ እየበሰለ አንድ ጊዜ ይገለበጣል። ድንች ሲሆን በውኃ ተዘፍዝፎ፣ በፎጣ ደርቆ ይግባና ወርቃማ ሲሆን ይውጣ፤ ሲጠቁር አክሪላማይድ የተባለው ጎጂ ነገር ይበዛበታል።

ቤተሰቡ ከስድስት በላይ ለሆነ፣ ወይም ማራገቢያ ያለው ምድጃ ቀድሞ ላለው፣ ይህን ዕቃ ግዙ አንልም።

ለእኅታችን ግን መልሳችን ይህ ነው። አራት ሊትር አካባቢ የሆነ፣ ወለሉ አራት ማዕዘንና ከ20 ሳንቲ ሜትር የማያንስ፣ ከ1500 ዋት የማይበልጥ፣ በእጅ የሚዞር ይሁን። እኅትሽ ገንዘቡን ከመክፈሏ በፊት ከሥሩ የተለጠፈውን ጽሑፍ ፎቶ አንስታ ትላክልሽ፤ ለብቻው የሚሸጥ መለዋወጫ ቅርጫት እንዳለውም ትጠይቅልሽ፤ ሽፋኑ ቀድሞ የሚላጠው እሱ ነውና።